ያልተቀዳው ሽፋን

በ1980 ዓ.ም. ደሴ ውስጥ ባለ ሁለት ካሴት ቴፕ ያለው ሰው በሰፈሩ ይከበር ነበር። በእኛ ሰፈር ያ ሰው የአክስቴ ልጅ ነው። ባዶ ካሴት ይዞ ለመጣ ሁሉ አዲስ የወጣውን ይቀዳለታል። ባዶ ያጣ ደግሞ የእንግሊዝኛ መማሪያ ካሴት ከቤቱ ይሰርቅና፣ እንዳይጠፋ ተብላ የተሰበረችውን የካሴቱን ጆሮ በወረቀት ወትፎ ያመጣል።

የእኔ ድርሻ ጽሕፈት ነበር። ከደብተር ገንጥዬ ሽፋን እሠራለሁ፤ “ኤፍሬም ታምሩ” ብዬ በቀይ እስኪብርቶ እጽፍና የዘፈኖቹን ርእስ እደረድራለሁ። ዋናው ሽፋን ላይ ግን በደቃቅ ፊደል ሌላም ነገር ነበር፤ ግጥም እከሌ፣ ዜማ እከሌ፣ ቅንብር እከሌ። እሱን አልገለብጠውም፤ ቦታ የለማ! ይልማ ገብረአብ እና አበበ መለሰ የሚባሉ ሰዎች መኖራቸውን ያወቅሁት አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ዘፋኙ ሁሉንም ከሆዱ የሚያወጣው ይመስለኝ ነበር።

ሰው ስለ ቅጂ መብት ሲያወራ ቀጂው ሌባ፣ ባለመብቱ ተበዳይ ነው። የአገራችን የሸክላ ታሪክ ግን እንዲህ ቀጥ ያለ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1948 ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት ብቸኛ መብት በንጉሡ ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ተሰጠ። ማኅበሩ በዚያ መብት ብዙም አልሠራበትም። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሐ እሸቴ የሚባል ሙዚቃ ነጋዴ የመጣው ይምጣ ብሎ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን ሕንድ አገር አሳተመ። ዛሬ “ወርቃማው ዘመን” እያልን የምንኮራበት ሸክላ የተወለደው ያንን መብት በመጣስ ነው። ይህን ሳስብ የአክስቴ ልጅ ትዝ ይለኛል፤ ልዩነታቸው ግን አምሐ ለዘፋኙ መክፈሉ ነው።

በደርግ ጊዜ ሸክላው ቀረና ካሴት ነገሠ። ሙዚቃ ቤቱ ሥራውን ከዘፋኙ በአንድ ጊዜ ክፍያ ይገዛል፤ ገጣሚውም ዜማ ደራሲውም የተስማሙበትን ተቀብለው ይሰናበታሉ። ከዚያ በኋላ ካሴቱ አንድ ሺህም ይሸጥ መቶ ሺህ ለእነሱ ያው ነው። ለዓመታት በዚህ ራሴን አጽናንቻለሁ፤ የጎዳነው ነጋዴውን እንጂ ገጣሚውን አይደለም እያልኩ። ነጋዴው ግን ሞኝ አይደለም። ሥራው በወጣ በሳምንቱ ተቀድቶ እንደሚያልቅ ስለሚያውቅ የሚቀጥለውን ግጥም ሲገዛ ዋጋውን ቀድሞ ይቀንሳል።

የደራሲ መብት በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥም ነበረ፤ ደሴ ግን ማን ሰምቶት! ራሱን የቻለው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው። ዘግይቼ ሳነበው ሁለት ነገር አስገረመኝ። አንደኛ፣ ለራስ መጠቀሚያ አንድ ቅጂ መቅዳት ይፈቀዳል፤ የአክስቴ ልጅ ግን ለሰፈሩ ሁሉ ነበር የሚቀዳው። ሁለተኛ፣ ደራሲው ከገንዘቡ ሌላ ስሙ በሥራው ላይ እንዲጠቀስ የማድረግ መብት አለው። ይህችኛዋ በቀጥታ የመጣችው ወደ እኔ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ፈጥኖ አለፈ። ሲዲ አዟሪው በታክሲ መስኮት መጣ፤ ቀጥሎ “ዘፈን እንጭናለን” የሚል ማስታወቂያ የለጠፉ ሱቆች ፍላሽ ይሞሉ ጀመር። የደብተር ወረቀቴ ቢያንስ የዘፋኙን ስም ይዟል፤ ፍላሹ ላይ “ትራክ 03” ብቻ ነው የቀረው። የሙዚቃ አቀናባሪው ኤልያስ መልካና ባልደረቦቹ በ2011 ዓ.ም. አውታር የተባለውን የስልክ መተግበሪያ ሲያወጡ፣ ለአንድ ዘፈን ጥቂት ብር ከፍዬ ሳወርድ እጄ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። ለዘፈን ከፍዬ አላውቅማ።

ካሴቶቼ ዛሬም በጫማ ካርቶን ውስጥ አሉ፤ 46 ናቸው። ባለፈው ክረምት ልጄ አንዱን አንስታ “ግጥሙ የማን ነው?” አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አሮጌ ካሴት የሚሸጡ ሰዎች ዘንድ እየሄድኩ ዋናውን ሽፋን እየፈለግሁ፣ በራሴ ሽፋን ጀርባ ስሞቹን እየጻፍኩ ነው። የቀረኝ 11 ነው። በእነሱ ላይ “ግጥም፦” እና “ዜማ፦” ብዬ ፊቱን ባዶ ትቼዋለሁ።