ከብቶቹ የበሉት አበባ

ወገኖቼ፣ ጠጋ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ። ዛሬ የማወራላችሁ ከጥቁርና ነጭ ፊልሞች ሁሉ አብልጬ ስለምወደው ስለ አንዱ ነው። ወሬው ከሮም ይነሳል፣ ለንደን ያርፋል፣ ባሕር ይሻገራል፣ ከዚያም ሕንድ አገር፣ ቤንጋል ውስጥ አንዲት መንደር ገብቶ ዓመታት ይቀመጣል። ዘመኑን በፈረንጅ አቆጣጠር እጠራላችኋለሁ። የሚያጣድፈን የለም፤ ቀስ እያልን እንሄዳለን።

እንግዲህ ታላቁ ጦርነት ባበቃ በሦስተኛው ዓመት፣ በ1948፣ ቪቶሪዮ ዴ ሲካ የሚባል ጣሊያናዊ ሮም ላይ «የብስክሌት ሌቦች» የተባለ ፊልም ሠራ። በፊልሙ ውስጥ ሥራ ፈትቶ የከረመ አንድ አባወራ ማስታወቂያ የመለጠፍ ሥራ ያገኛል፤ ሥራው ግን ብስክሌት ይፈልጋል፣ ብስክሌቱ ደግሞ መያዣ ቤት ገብቷል። ሚስቱ ታዲያ ብድግ ብላ የአልጋውን አንሶላ ገፈፈች፣ ያላቸውን ሁሉ ጠቅልላ ወሰደችና አስይዛ ብስክሌቱን አስወጣች። ያን ጊዜ የመያዣ ቤቱ ሠራተኛ ጥቅሉን ተሸክሞ መደርደሪያውን ይወጣል፣ ይወጣል፣ አሁንም ይወጣል፤ እስከ ጣሪያው ድረስ የተቆለለው ሁሉ የሰው አንሶላ ነው። ማንም ምንም አይናገርም፤ የከተማው ችግር ግን በሙሉ እዚያ መደርደሪያ ላይ ነው። ከዚያም ብስክሌቱ በመጀመሪያው የሥራ ቀን ተሰረቀ፣ አባትና ልጅም ሮምን እያቆራረጡ ሲፈልጉት ዋሉ። አባትየውን ሆኖ የተጫወተው ሰው የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፤ አንድ የሆሊውድ ባለገንዘብ ታዋቂውን ኬሪ ግራንትን ካሰለፍክ ገንዘቡን እኔ እሰጥሃለሁ ቢለው፣ ዴ ሲካ እንቢ ብሎ ነው ያን ሰው የያዘው።

ሁለት ዓመት አለፈና በ1950 ሳትያጂት ራይ የሚባል፣ ገና ሠላሳ ያልሞላው፣ ቁመተ ረጅም የቤንጋል ሰው ለንደን መጣ። አባቱ የልጆች ደራሲ ነበር፤ ልጁ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ሞተና እናቱ ሠርታ አሳደገችው። ካልካታ ውስጥ በአንድ የእንግሊዞች የማስታወቂያ ድርጅት ሠዓሊ ሆኖ ይሠራ ነበር፤ ድርጅቱም ለጥቂት ወራት ለንደን ላከው። እዚያ ሳለ መቶ የሚጠጋ ፊልም አየ፤ ከእነዚያ አንዱ «የብስክሌት ሌቦች» ነበር። ከሲኒማ ቤቱ ሲወጣ ፊልም ሠሪ ለመሆን ቆርጦ ወጣ።

ምን ፊልም እንደሚሠራም ያውቅ ነበር። ከዓመታት በፊት ለአንድ የልጆች መጽሐፍ ሥዕል ሥሎ ነበር። መጽሐፉ ከቢቡቲቡሻን ባንዶፓድያይ ልብ ወለድ፣ ከ«ፓተር ፓንቻሊ»፣ ያጠረ ነው፤ አፑ የሚባል ትንሽ ልጅ፣ ዱርጋ የምትባል እህቱ፣ ድሃ እናትና አባታቸው፣ አንዲት የጎበጡ አሮጊት አክስትም የሚኖሩበት የገጠር ታሪክ። እናም ወደ አገሩ ሲመለስ መርከቡ ላይ ተቀምጦ፣ ግራ ቀኙ ባሕር ሆኖ፣ ፊልሙን በወረቀት ላይ መንደፍ ጀመረ።

ካልካታ ደረሰና የባለሀብቱን በር ሁሉ አንኳኳ፤ ዘፈን የለው፣ ጭፈራ የለው፣ የታወቀ ተዋናይ የለው፣ ማን ገንዘቡን ያውጣ? ስለዚህ የሕይወት ኢንሹራንሱን አስይዞ ተበደረ፣ ወዳጆቹንም ሰበሰበ። ካሜራውን የያዘው ሱብራታ ሚትራ የ21 ዓመት ልጅ ነበር፤ ከዚያ በፊት የፊልም ካሜራ አንቀሳቅሶ አያውቅም።

ከዚያም በ1952 ጥቅምት ወር፣ ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ከካልካታ ርቆ ባቡር ሐዲድ አጠገብ ወዳለ ሜዳ ሄዱ። ሜዳው ካሽ በሚባል ሣር ተሸፍኖ ነበር፤ ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ አናቱ ላይ ነጭ አበባ የሚያወጣ፣ ነፋስ ሲመጣ አብሮ የሚተኛ ሣር ነው። አፑና ዱርጋ ባቡር ለማየት በዚያ ውስጥ ያልፋሉ። ትንሹ አፑ ግን ተዋናይ አይደለም፤ እህትህ ጠፍታብሃለች፣ እየፈለግሃት ሂድ ቢሉት ቀጥ ብሎ እንደ ወታደር ይራመዳል። ሳትያጂት ታዲያ ሰዎችን ሣሩ ውስጥ እዚህም እዚያም ደበቀ፣ ተራ በተራም የልጁን ስም እንዲጠሩ አደረገ፤ መንገዱ ላይም እንጨት ጣል ጣል አደረገበት። ልጁ በተጠራ ቁጥር ዘወር ይላል፣ እንጨቱን ለመሻገር ቆም ይላል፣ ደግሞ ይሄዳል፤ እህቱን አጥቶ የሚዋልል ልጅ ሆኖ ወጣ።

ሳትያጂት በሥራ ቀን ቢሮ ስለሚውል፣ የቀረውን ለመጨረስ የተመለሱት በሚቀጥለው እሑድ ነው። ቢመለሱ ሜዳው ራቁቱን ቆሟል፤ አበባው የለም። ለካ የአካባቢው ከብቶች በሳምንቱ ውስጥ ገብተው ሙልጭ አድርገው በልተውታል! ምን ይደረግ? ሌላ ሜዳ ፈልጎ፣ የሆነውን አስመስሎ መጨረስ ይቻል ነበር፤ እሱ ግን ካሜራውን ሰበሰበና ጠበቀ። ክረምት መጣ፣ ዘነበ፣ ወጣ፤ ካሹ እንደገና አበበ፤ ያን ጊዜ ተመለሱና ከቆሙበት ቀጠሉ።

ለካልካታ ቅርብ በሆነች ቦራል በምትባል መንደር ደግሞ አንድ የፈራረሰ ቤት ተከራዩና እዚያ ቀረጹ። አክስቲቱን የተጫወቱት ቹኒባላ ዴቪ ሰማንያ ዓመት ገደማ የሆናቸው፣ በወጣትነታቸው መድረክ ላይ የሠሩ እናት ነበሩ፤ ጥርስ የላቸውም፣ ወገባቸው ጎብጧል፣ ፈገግታቸው ግን ቤቱን ሁሉ ይሞላል። አንድ ጣፋጭ ሻጭ በትከሻው ላይ ሁለት ዕቃ አንጠልጥሎ በኩሬው ዳር ሲያልፍ ልጆቹ ይከተሉታል፣ ልጆቹን ደግሞ ውሻ ይከተላል። ውሻው አልታዘዝ ስላለ፣ ዱርጋን የምትጫወተው ልጅ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ ጣፋጭ እንድትይዝለት አደረጉና ያን ጊዜ ተከተለ። ከዚያ ገንዘብ አለቀ፣ ሥራው ቆመ፤ ወራት አልፈው ሲመለሱ ጣፋጭ ሻጩም ሞቷል፣ ውሻውም ሞቷል። በሻጩ ፋንታ ሌላ ወፍራም ሰው ፈልገው ከጀርባው ቀረጹት፣ ለውሻውም አምሳያ አገኙለት።

የገንዘቡን ነገር ስነግራችሁ የሮሟን ሴት አስታውሱልኝ። ሳትያጂት መጻሕፍቱንና የሙዚቃ ሸክላዎቹን ሸጠ፤ እሱም አልበቃ ሲል የሚስቱ የቢጆያ ጌጣጌጥ ተይዞ ገንዘብ ተወሰደበት። በፊልሙ አንሶላዋን ያስያዘች ሚስት ነበረች፤ በኑሮ ደግሞ ጌጧን የሰጠች ሚስት መጣች። ሥራው በቆመባቸው ወራት ሁሉ ሳትያጂት ሦስት ነገር ይፈራ ነበር፤ የአፑ ድምፅ እንዳይጎረንን፣ ዱርጋ እንዳታድግ፣ እኒያ አሮጊት እንዳይሞቱ። ሦስቱም አልሆኑም፣ ተመስገን።

በመጨረሻ እናቱ በወዳጅ በኩል እስከ ምዕራብ ቤንጋል ዋና ሚኒስትር፣ እስከ ቢዳን ቻንድራ ሮይ ድረስ አስነገረችለት። መንግሥትም ገንዘቡን ሰጠ፤ የፊልሙ ስም «የመንገዱ ዜማ» እንደማለት ነውና ለመንገድ ማሻሻያ ከተያዘው ሂሳብ ወጣ ይባላል። ሹማምንቱ መጨረሻው አሳዛኝ ስለሆነ ደስ በሚያሰኝ ይቀየር ብለው ነበር፤ እሱ ግን ታሪኩ ይኸው ነው ብሎ አልቀየረም። ሙዚቃውን የሲታሩ ሊቅ ራቪ ሻንካር በአንድ ሌሊት፣ በ11 ሰዓት ገደማ ውስጥ ተጫውቶ ጨረሰው። ከዚያም ፊልሙ በ1955 ግንቦት ኒው ዮርክ፣ በዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ትርጉም እንኳ ሳይጻፍበት ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። ነሐሴ ላይ ካልካታ ወጣ፤ መጀመሪያ ቀዝቀዝ ብሎ ነበር፣ ቀስ በቀስ ግን ሕዝቡ እየተጋፋ ይገባ ጀመር። በ1956 ደግሞ በካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ የሰውን ልጅ ኑሮ በማሳየት የላቀ ተብሎ ተሸለመ።

አሁን ከፊልሙ ጥቂት ላሳያችሁ። አክስቲቱ ቤት ለቤት ሲንከራተቱ ቆይተው አንድ ቀን ታመው ይመጣሉ፤ የልጆቹ እናት ፊቷን ታጠቁርባቸዋለች። ውሃ ለምነው ይጠጣሉ፤ የተረፈችውንም አይደፏትም፣ ጎንበስ ብለው ደጅ ለበቀለች ችግኝ ያፈሷታል፤ ከዚያ ዱላቸውን ይዘው ይወጣሉ። ልጆቹ ባቡር አይተው ሲመለሱ ቀርከሃው መሃል ተቀምጠው ያገኟቸዋል፤ ዱርጋ ብትነካቸው ዘመም ብለው ይወድቃሉ።

ከዚያም ክረምት ይገባል። ዱርጋ በዝናቡ ውስጥ ጸጉሯን ፈታ ትዞራለች፣ ትበሰብሳለች፣ ትታመማለች፣ በአንድ የማዕበል ሌሊትም ትሞታለች። አባት ይህን ሳያውቅ ከሄደበት ይመለሳል፣ ያመጣውን ስጦታ አንድ በአንድ ያወጣል፣ የዱርጋንም ልብስ ለእናቷ ይዘረጋላታል። እናት ልብሱን ይዛ ትፈርሳለች፤ አፏ ሲከፈት ይታያል፣ ድምፅዋ ግን አይሰማም፤ በሷ ፈንታ የሚጮኸው የሙዚቃ መሣሪያው ነው። ልጅ የቀበረ ሰው ያውቀዋል።

ኋላም አገር ሊለቁ ዕቃ ሲያነሱ፣ አፑ ከመደርደሪያው ላይ አንድ ቅል ነገር ቢያወርድ ከውስጡ የአንገት ጌጥ ወደቀ፤ ድሮ ዱርጋ ሰርቃዋለች ተብላ የተቀጣችበት፣ እሷም አልወሰድኩም ብላ የካደችው ጌጥ። ልጁ ወደ እናቱ አልሄደም፣ አባቱንም አልጠራም፤ ሮጦ ወጣና ኩሬው ውስጥ ወረወረው። ውሃውን የሸፈነው አረም ተከፈለ፣ ከዚያም ተመልሶ ገጠመ። የሞተች እህት ስም እንዲህ ነው የሚጠበቀው።

ሳትያጂት በ1992 አረፈ። በዓመቱ፣ በ1993፣ ለንደን ውስጥ አንድ የፊልም ማጠቢያ ተቃጠለና የዚህ ፊልም ዋና ኔጋቲቭ አብሮ ነደደ። የተረፈው ጥቁር፣ ደረቅ፣ ሲነኩት የሚሰባበር ነበር፤ ግን አልተጣለም፣ በአሜሪካው የፊልም አካዳሚ መጋዘን ሃያ ዓመት ያህል ተቀመጠ። ከዚያም ጣሊያን አገር፣ ቦሎኛ ወዳለ ቤተ ሙከራ ሄደና ባለሙያዎቹ እያረጠቡ፣ እያለሰለሱ፣ የተቀደደውን ጠርዝ በእጅ እየጠገኑ 1,000 ሰዓት ገደማ ደከሙበት፤ የጠፋውን ከሌላ ቅጂ ሞሉለት። በ2015 ግንቦት፣ በ60 ዓመቱ፣ በዚያው በኒው ዮርኩ ሙዚየም እንደገና ታየ።

እንዲህ ያለ ሥራ በእኛም አገር አለ፤ በ1974፣ ንጉሡ በወረዱበት ዓመት፣ ፊልም ሠሪው ኃይሌ ገሪማ ጥቂት ሰው ይዘው ገጠር ገቡና ተዋናይ ያልሆኑ ሰዎችን አሰልፈው፣ በሁለት ሳምንት ገደማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በጥቁርና ነጭ ቀረጹ። የገባሩን ድካም ፊት ለፊት ለማየት የሚሻ እዚያ ያገኘዋል፤ ቋንቋውም የገዛ ቋንቋችን ነው።

እንግዲህ እኔ የምላችሁ ይህን ነው፦ ከብቶቹ የበሉትን አበባ ዓመት ጠብቆ መልሶ የቀረጸ ሰው፣ በሥራው አልዋሸም። «ፓተር ፓንቻሊ» ሁለት ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ነው፤ ስልኩን አጥፉና ከልጆቻችሁ ጋር ተቀምጣችሁ እዩት። መጀመሪያው ቀስ ይላል፤ ታገሡት፣ ሠሪው ከዚህ በላይ ታግሦላችኋል።