አስታማሚውን ማን ያስታምመው? በምሥራቅ አዲስ አበባ የአገልግሎት ቅነሳና የተንከባካቢ ሠራተኞች የመደራጀት መብት

የሠራተኛ ማኅበር ጥቅሙ በደኅና ዘመን ከሚታወቀው ይልቅ በቅነሳ ዘመን የሚታወቀው ይበልጣል፤ ገንዘብ አጥሮ፣ አገልግሎት ጠቦ፣ ማን ይቆይ ማን ይሰናበት የሚለው ጥያቄ በተነሣ ጊዜ፣ ሠራተኛው ከስንብት ደብዳቤው ጋር ብቻውን እንዳይፋጠጥ በመካከል የሚቆምለት አካል ያስፈልገዋልና። የዚህ መጣጥፍ ጭብጥ ሕጋችን ይህን ከለላ ለፋብሪካና ለንግድ ድርጅት ሠራተኛ ሲሰጥ፣ ሕሙማንን የሚያስታምመውን፣ ሕፃናትን የሚያሳድገውንና አረጋውያንን የሚጦረውን ሠራተኛ ግን በአመዛኙ ከደጅ አስቀርቶታል፣ ይህም መታረም ይገባዋል የሚል ነው።

መገለሉ የቆየ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤት ሠራተኛን ጉዳይ ከቁጥር 2601 ጀምሮ በጥቂት ቁጥሮች ብቻ ያሳልፈዋል። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር በአቶ አብርሃም መኰንን ፕሬዚዳንትነት ሲመሠረት፣ በዚያው ዓመትም አገራችን የመደራጀት ነፃነትን የሚደነግገውን የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 87 ስታጸድቅ፣ ተስፋው ለሠራተኛ ሁሉ የሚበቃ መስሎ ነበር፤ ሆኖም በ1956 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ግንኙነት አዋጅ ቁጥር 210 የመንግሥት አገልጋዮችንና የቤት ሠራተኞችን ከወሰኑ ውጭ አደረጋቸው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 የመንግሥት ሠራተኞችም የሥራ ጠባያቸው በሚፈቅደው መጠን እንዲደራጁ መብት ቢሰጥም፣ የመብቱ ተጠቃሚዎች እነማን እንደሚሆኑ በሕግ እንዲወሰን ትቶታል፤ የዓለም የሥራ ድርጅት የባለሙያዎች ኮሚቴም ኢትዮጵያ ይህን መብት በሥራ ላይ እንድታውል ደጋግሞ ጠይቋል።

በሕጉ ጥላ ሥር ያለ ሠራተኛ ምን እንደሚያገኝ ማየት የጎደለውን ያስረዳል። አሁን በሥራ ላይ ባለው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ቅነሳ የሚባለው ከድርጅቱ ሠራተኞች ቢያንስ 10 በመቶውን የሚነካ ስንብት ሲሆን፣ አሠሪው ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከሠራተኞች ተጠሪ ጋር መመካከር፣ የተሻለ ችሎታና ምርታማነት ያላቸውን ማስቀረት፣ በዚህ እኩል ሲሆኑ ደግሞ የአገልግሎት ዘመን ያነሰውን አስቀድሞ፣ ነፍሰ ጡሮችንና የሠራተኛ ተጠሪዎችን ወደ ኋላ አቆይቶ በቅደም ተከተል መቀነስ ይገባዋል፤ ለተሰናባቹም ከስንብት ክፍያው በላይ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመርለታል። ማኅበር ገንዘብ አይፈጥርም፤ ነገር ግን ጭንቅ ቀንን በሥርዓት ያስተዳድራል።

ይህ ሥርዓት ሥራ እንደሚያድን የ2012ቱ የኮቪድ ወረርሽኝ መስክሯል። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ከአሠሪዎችና ከመንግሥት ጋር ተቀምጦ የሥራ ቦታ ፕሮቶኮል በመቅረጽ ተካፍሏል፤ በመጋቢት 30 ቀን የታወጀውን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ተከትሎ የወጣው ደንብም አሠሪዎች ከፕሮቶኮሉ ውጭ ሠራተኛ እንዳያሰናብቱ ከለከለ። በዚያው ወራት በከተማይቱ ምሥራቅ የሚገኘው የካ ኮተቤ ጠቅላላ ሆስፒታል የኮቪድ ሕሙማን መታከሚያ ሆኖ፣ አስታማሚዎቹ ከቤተሰባቸው ተለይተው ሕይወታቸውን ለአደጋ ሰጥተው ያገለግሉ ነበር፤ በቦሌና በገርጂ፣ በሰሚትና በአያት ቤቶች ያገለግሉ የነበሩ ሞግዚቶችና ተመላላሽ ሠራተኞች ግን በሽታ ያመጣሉ ተብሎ በተፈሩ ጊዜ በቃል ብቻ ሊሰናበቱ የሚችሉ ነበሩ፤ ፕሮቶኮሉ ደጃቸውን አልረገጠምና።

ሁለተኛው ምስክር ከዚህ የከፋ ነው። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ባገደ ጊዜ፣ በዚሁ ገንዘብ ተቀጥረው በተለይ በኤች አይ ቪ መርሐ ግብር ያገለግሉ የነበሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞች ውላቸው እንዲቋረጥ ጤና ሚኒስቴር በደብዳቤ አሳወቀ። መድኃኒት ያቋረጠውን ታማሚ ፈልጎ የሚመልስ፣ ተስፋ የቆረጠውን የሚያጽናና ሰው ሲሰናበት፣ ጉዳቱ በደመወዝተኛው ቤት ብቻ አይቆምም፤ ወደ ታማሚውም ይሻገራል። የገንዘቡ ምንጭ ከባሕር ማዶ መድረቁን ማንም በአገር ውስጥ ሊያስቀር ባይችልም፣ የማስጠንቀቂያውን ጊዜ፣ የቅነሳውን ቅደም ተከተልና ወደ ሌላ ክፍል የመዛወሩን ነገር ስለ ሠራተኛው ሆኖ የሚደራደር የሠራተኛ ማኅበር ቢኖር ኖሮ ስንብቱ በምክክር በተፈጸመ ነበር። በሆስፒታልና በክሊኒክ ሥራ ማቆም ደግሞ አገልግሎቱ ለሕዝብ እጅግ አስፈላጊ ከሆኑት ተቆጥሮ በአዋጅ 1156 የተከለከለ ነው፤ ክልከላው ስለ ሕሙማን ሲባል ተገቢ ቢሆንም፣ አድማ የተነፈገ ሠራተኛ በምትኩ ገለልተኛና ፈጣን የግልግል ዳኝነት ሊሰጠው ግድ ነው።

ቤተ ክርስቲያን ሕሙማንን መጠየቅን ከስድስቱ ቃላተ ወንጌል አንዱ አድርጋ ታስተምራለች፤ ሕዝባችንም አስታማሚን ይመርቃል። ይህ ክብር የተቀደሰ ሆኖ ሳለ፣ ሥራውን ጽድቅ እንጂ ሙያ አይደለም ለሚል አሳብ መሸሸጊያ ሲሆን ግን ፍትሕን ያጓድላል፤ ምርቃት የቤት ኪራይ አይከፍልምና።

እንግዲህ መፍትሔው ሩቅ አይደለም። አንደኛ፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የአንቀጽ 42ን ቃል የሚፈጽም ሕግ ለመንግሥት የጤና ሠራተኞች ያውጣ። ሁለተኛ፣ አዋጅ 1156 ለግል አገልግሎት ሠራተኞች የሥራ ሁኔታ እንዲያወጣ ኃላፊነት የሰጠው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንቡን ያውጣ። ሦስተኛ፣ አዋጁ ከ10 በታች ሠራተኛ ባላቸው ድርጅቶች ያሉ ሠራተኞች ጠቅላላ የሠራተኛ ማኅበር እንዲያቋቁሙ ስለሚፈቅድ፣ ኮንፌዴሬሽኑ ከቦሌ እስከ ለሚ ኩራ በትናንሽ ክሊኒኮችና በሕፃናት ማቆያዎች የተበተኑትን ይሰብስብ። አራተኛ፣ በእርዳታ ገንዘብ የሚፈጸም የቅጥር ውል ሁሉ የማስጠንቀቂያና የስንብት ክፍያ አንቀጽ ይኑረው። አንባቢ ሆይ፣ አንተም በቤትህ የምታገለግልህን ሠራተኛ ሕግ እስኪያስገድድህ ሳትጠብቅ በጽሑፍ ውል ቅጠራት፤ የዕረፍት ቀኗንና የስንብት ማስጠንቀቂያዋንም በውሉ አስፍር።