የድሮ ቪዲዮ ካሴት ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ ድምፁን ማስተካከል

በብዙ ቤቶች ቁም ሣጥን ውስጥ ወይም አልጋ ሥር የቪዲዮ ካሴቶች ተቀምጠዋል። የልጅ ሠርግ፣ የስግድ በዓል፣ ቡና ላይ ተቀምጠው የድሮውን የሚያወሩ አያቶች አሉባቸው። ከእነዚያ ሰዎች ብዙዎቹ ዛሬ በሕይወት የሉም። ፊታቸው በፎቶግራፍ ይገኝ ይሆናል፤ ድምፃቸው ግን ከካሴቱ በቀር የትም ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ካሴት ሲገለበጥ ለምስሉ ከሚደረገው ጥንቃቄ ለድምፁ የሚደረገው ማነስ የለበትም።

ጊዜውም እየጠበበ ነው። ቪኤችኤስ የሚባለው ካሴት በ1976 በጃፓን ለገበያ ወጣ። ማጫወቻውን እስከ መጨረሻ ሲሠራ የቆየው የጃፓኑ ኩባንያ ፉናይ በ2016 ምርቱን አቁሟል። ዛሬ የሚገኘው ማጫወቻ ሁሉ አሮጌ ነው።

ድምፁ ሲበላሽ ብዙ ሰው «ካሴቱ አልቆለታል» ብሎ ይጥለዋል። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ የማጫወቻው፣ የገመዱ ወይም የኮምፒውተሩ ነው። ስለዚህ ምርመራው በቅደም ተከተል ይሁን፤ መጀመሪያ ማጫወቻው፣ ቀጥሎ ገመዱ፣ ከዚያ ኮምፒውተሩ። ድምፅ የሚያጸዳ ፕሮግራም የሚመጣው በመጨረሻ ነው።

ድምፁ የተቀዳበት ቦታ

መደበኛው ድምፅ የሚገኘው በጥቁሩ ጥብጣብ ጠርዝ ላይ ባለ ቀጭን መስመር ነው። በእስራኤልም በኢትዮጵያም ይሠራበት በነበረው «ፓል» በተባለው ስልት ጥብጣቡ በሰከንድ 2.34 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይጓዛል። የሙዚቃ ካሴት 4.76 ሳንቲ ሜትር ይጓዛል። የቪዲዮ ካሴት ድምፅ ትንሽ የታፈነና «ሽሽሽ» የሚል የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

«ሃይፋይ» የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ማጫወቻዎች ደግሞ ሁለተኛ ድምፅ ይቀዳሉ። ይህኛው ከምስሉ ጋር አንድ ላይ ስለሚቀዳ ጥራቱ የላቀ ነው፤ ካሴቱ ሲያረጅ ግን መንጣጣት ይጀምራል። ያን ጊዜ በሪሞቱ ላይ ያለውን «ኦዲዮ» የሚል ቁልፍ ተጭኖ ወደ «ኖርማል» ወይም «ሞኖ» መቀየር ነው። ጥራቱ ይቀንሳል፤ መንጣጣቱ ግን ይቆማል።

ይህ ቁልፍ ሌላም ጥቅም አለው። በአንዳንድ የሠርግ ካሴቶች ላይ ቪዲዮ አንሺው በኋላ ዘፈን ጨምሮበት የሰዎቹ ንግግር ጠፍቷል። ዘፈኑ የተጨመረው በጠርዙ መስመር ላይ ብቻ ከሆነ፣ ካሴቱም ግልባጭ ሳይሆን መጀመሪያ በሃይፋይ የተቀረፀው ራሱ ከሆነ፣ የሽማግሌዎቹ ምርቃት ከሥር ሳይነካ ሊገኝ ይችላል። ቁልፉን ቀያይሮ ሳይሰሙ «ንግግሩ ጠፍቷል» ማለት አይገባም።

ከማጫወት በፊት

በካሴቱ መስኮት በኩል ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ከታየ ሻጋታ ነው። እንዲህ ያለው ካሴት ማጫወቻ ውስጥ አይግባ፤ ለባለሙያ ይሰጥ። ንጹሕ ከሆነ እስከ መጨረሻ አጠንጥኖ እንደገና መመለስ ጥሩ ነው። ድምፁ በጣም ከታፈነ በሌላ ማጫወቻ መሞከር ይገባል። ከአሜሪካ የተላከ ካሴት ከሆነ «ኤንቲኤስሲ» በተባለው ስልት የተቀዳ ሊሆን ስለሚችል ሁለቱንም ስልት የሚያነብ ማጫወቻ ይፈልጋል።

ድምፅ ጨርሶ ካልገባ

ቢጫው ገመድ የምስል ነው፤ ነጩ የግራ ድምፅ፣ ቀዩ የቀኝ ድምፅ ነው። ሰፊው ባለ ብዙ ጥርስ መሰኪያ፣ «ስካርት» የሚባለው፣ መቀየሪያ ቁልፍ ካለው «አውት» በሚለው ላይ መሆን አለበት። ገመዱ ትክክል ሆኖ ድምፅ ከሌለ በኮምፒውተሩ ላይ የማይክሮፎን ፈቃድ ይታይ። ዊንዶውስ የቪዲዮ መቀበያውን ድምፅ እንደ ማይክሮፎን ስለሚቆጥረው፣ ፈቃዱ ከተዘጋ ምስል እየገባ ድምፅ ይቀራል።

በአንድ ጆሮ ብቻ ከተሰማ

ብዙ የቆዩ ማጫወቻዎች አንድ የድምፅ መውጫ ብቻ አላቸው። ይህ ብልሽት አይደለም። አንዱን መውጫ ለሁለት የሚከፍል ገመድ መግዛት ይቻላል። ኦቢኤስ ስቱዲዮ በተባለው ነፃ ፕሮግራም የሚቀዳ ከሆነ ደግሞ በድምፅ ማስተካከያው «ሞኖ» የሚለውን መምረጥ ይበቃል።

«እምምም» የሚል ድምፅ ካለ

ይህ ከመብራት መስመር የሚገባ ድምፅ ነው። ማጫወቻውንና ኮምፒውተሩን አንድ ማከፋፈያ ላይ መሰካት፣ ከማጫወቻው ጀርባ የአንቴናውን ገመድ መንቀል፣ ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩን ነቅሎ በባትሪ መሞከር ነው። የመሬት መስመሩን ጥርስ መቁረጥ ግን ለሕይወት አደገኛ ነው፤ በፍጹም አይደረግ።

ድምፁ ሲጮኽ ከተሰነጠቀ

ኮምፒውተሩ ከመጠን በላይ ድምፅ ሲቀበል ጫፉ ይቆረጣል፤ የተቆረጠውን በኋላ በደንብ መመለስ አይቻልም። ስለዚህ ከመቅዳት በፊት መለካት ያለበት በንግግሩ ሳይሆን በእልልታውና በከበሮው ላይ ነው። እነሱ ሲሰሙ የድምፅ መለኪያው መስመር ቀዩ ጫፍ ላይ ከደረሰ መጠኑ ዝቅ ይበል። ዝቅ ብሎ የተቀዳ በኋላ ከፍ ሊደረግ ይችላል።

ድምፁና ከንፈሩ ካልተገናኙ

ለመፈተን ጭብጨባ ወይም ዘነዘናው ሙቀጫውን ሲመታ ማየት ይበጃል። ልዩነቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል ከሆነ ቀላል ነው። ድምፁ የሚቀድም ከሆነ በኦቢኤስ የድምፅ ማስተካከያ 100 ሚሊ ሰከንድ አዘግይቶ መሞከር፣ ካልበቃም ጥቂት በጥቂት መጨመር ነው።

ልዩነቱ እየሰፋ የሚሄድ ከሆነ ኮምፒውተሩ ምስሎችን እየጣለ ሊሆን ይችላል። ሌሎች ፕሮግራሞች ይዘጉ፤ ድምፁ በዊንዶውስም በመቅጃውም 48,000 ኸርዝ ይሁን፤ ካሴቱም በአንድ ጊዜ ሳይሆን በ30 በ30 ደቂቃ ተከፍሎ ይቀዳ። አስቀድሞ የተቀዳ ከሆነ ኦዳሲቲ የተባለው ነፃ ፕሮግራም «ቼንጅ ቴምፖ» በሚለው ትእዛዝ የድምፁን ርዝመት ይለውጣል። ለምሳሌ ምስሉ 3,600 ሰከንድ፣ ድምፁ 3,603 ሰከንድ ከሆነ፣ ድምፁን ወደ 3,600 ማሳጠር ነው። የሰውየው ድምፅ አይቀጥንም፣ አይወፍርምም።

«ሽሽሽ» የሚለውን ማጽዳት

በኦዳሲቲ ማንም የማይናገርበት ሁለት ወይም ሦስት ሰከንድ ይመረጥና «ኖይዝ ሪዳክሽን» ውስጥ «ጌት ኖይዝ ፕሮፋይል» ይጫናል። ከዚያ ድምፁ በሙሉ ተመርጦ በ6 ዴሲቤል ይጀመራል። ከ12 በላይ ሲኬድ ድምፁ ከውኃ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል፤ የማሲንቆው ቀጭን ድምፅና የሽማግሌው ትንፋሽ አብረው ይጠረጋሉ። ትንሽ ሽውታ ያለው እውነተኛ ድምፅ፣ ከጸዳ ግን ማንነቱ ከማይለይ ድምፅ ይሻላል።

ከሁሉ በላይ

ያልተነካው ቅጂ ለብቻው ይቀመጥ፤ ማጽዳቱ በግልባጩ ላይ ብቻ ይሁን። አንድ ቅጂ በሌላ ልጅ ቤት ይኑር። ካሴቱም አይጣል። ድምፁ ከተስተካከለ በኋላ ቤተሰቡ አብሮ ሰምቶ የሚናገረው ማን እንደሆነ፣ ቦታውንና ዓመቱን ይጻፍ። ድምፅን ኮምፒውተር ያቆየዋል፤ የማን እንደሆነ የሚያውቁት ግን ዛሬ በሕይወት ያሉት ናቸው።