ዓሣ ቆጣሪዎቹ

ስሙኝማ ወገኖቼ! ነገሩ የሆነው አሜሪካ ውስጥ፣ ኔቫዳ ግዛት፣ አማርጎሳ በረሃ ነው። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ዛፍ የሚባል በዓይን አይታይም። «እዚያ ደግሞ ምን ውሃ አለ?» እንዳትሉኝ። አለ! ከኮረብታ ሥር ዓለቱ ተሰንጥቋል፤ ከስንጥቁ ውስጥ ጥርት ያለ ውሃ ተኝቷል። ዴቪልስ ሆል ይሉታል፤ የሰይጣን ጉድጓድ መሆኑ ነው። ከከርሰ ምድር የሚመጣው ይህ ውሃ በጋ ከክረምት ሙቀቱ 33 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ጥልቀቱስ? ጠላቂዎች ከ130 ሜትር በላይ ወርደዋል፤ ወለሉን ያየ ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ታዲያላችሁ እ.ኤ.አ. በጁን 1965 ጎረምሶች በሌሊት አጥሩን ዘለው ገቡ። የአየር ሲሊንደራቸውን አዝለው ጠለቁ። ሁለቱ እንደወጡ ቀሩ። ነፍስ አድን ጠላቂዎች ተጠርተው ወረዱ፣ ፈለጉ፤ አስከሬን እንኳ አላገኙም።

ምን ዋጣቸው? ሰይጣን እንዳትሉ። ባሕር ላይ የጨነቀው ጠላቂ ሽቅብ ይወጣል፤ ዋሻ ውስጥ ግን ከራስ በላይ ያለው ዓለት ነው። ደግሞም 30 ሜትር ሲወርዱ የውሃው ግፊት የሲሊንደሩን አየር ከውሃው ገጽ ላይ ከሚያልቅበት በአራት እጥፍ ፍጥነት ያስጨርሳል። ለብ ያለው ውሃ ያዘናጋል፤ አየሩ ግን አይጠብቅም።

አሁን ወደ ባለቤቱ ልውሰዳችሁ። በዚህ ውሃ ውስጥ ርዝመቱ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል የሆነ ፐፕፊሽ የሚባል ዓሣ ይኖራል። ወንዱ ሰማያዊ ነው። ዝርያው በተፈጥሮ ከዚህ ጉድጓድ በቀር የትም የለም። የሚመገበውና የሚራባው በአብዛኛው ከውሃው አፍ አጠገብ ባለች አንዲት ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ነው፤ ፀሐይ ደርሳ አልጌ የምታበቅለው እዚያ ነዋ!

ይህችን ድንጋይ ሊያሳጣው የነበረው ጠላቂ ሳይሆን ገበሬ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ በአካባቢው እርሻ የከፈቱ ሰዎች የከርሰ ምድሩን ውሃ በሞተር ይስቡ ጀመር። የጉድጓዱ ውሃ ሸሸ፤ ድንጋይዋ ብቅ ማለት ያዘች። ነገሩ ችሎት ደረሰ። ፕሬዚዳንት ትሩማን ጉድጓዱን በ1952 የዴዝ ቫሊ ጥብቅ ሥፍራ አካል አድርገውት ነበርና፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1976 በአንድ ድምፅ ወሰነ፦ ለዓሣው የሚበቃ ውሃ ይቀመጥ፣ የሚሳበው ይገደብ!

የመጥለቅ ሙያም ሌላ መልክ ያዘ። በዓመት ሁለቴ፣ በጸደይና በመኸር፣ ባለሙያዎች ሲሊንደራቸውን አዝለው ይወርዳሉ፤ የሚወርዱት ለመቁጠር ነው። ሌሎች ደግሞ ከላይ ሆነው ድንጋይዋ ላይ ያሉትን ይቆጥራሉ። በ2013 ጸደይ የተገኘው 35 ብቻ ነበር፤ በ2024 መኸር 212 ደረሰ። ደስታው አልቆየም። ከሩቅ የተነሣ የመሬት መንቀጥቀጥ ውሃውን አናወጠው፤ ማዕበሉ አልጌውንና ዕንቁላሉን ጠራርጎ ወሰደ። በ2025 ጸደይ ሲቆጠር 38! ዝርያውን ለመጠበቅ ሲባል በተሠራ ገንዳ ከተራቡት ጥቂቶቹ ተጨመሩ።

እንዲህ ሆኖም ሰው አይማርም። ቀደም ሲል በ2016 ሦስት ሰዎች በሌሊት ጥሰው ገቡ፤ አንዱ ዋኘ፤ አንድ ዓሣ ሞቶ ተገኘ። ዋነተኛው የአንድ ዓመት ከአንድ ቀን እስራት ተፈረደበት።

«ለአንድ ኩታራ ዓሣ ይህ ሁሉ?» የሚል አይጠፋም። እኔ ግን ሁለቱም ፍርዶች ትክክል ናቸው እላለሁ። ጠላቂው ሌላ ምንጭ፣ ገበሬው ሌላ ማሳ ይፈልጋል፤ ዓሣው ግን ሌላ አገር የለውም።