ከደበሎ እስከ ማዳበሪያ፦ የመንገደኛ ዕቃችን ታሪክ

የማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል አዘጋጆች ለመጽሔቱ ታሪክ ነክ ጽሑፍ እንዳቀርብ ሲጠይቁኝ፣ የነገሥታቱና የፖለቲካው ታሪክ ብዙ ጸሐፊ ስላለው እኔ ሌላ ነገር መረጥሁ። ነገሥታቱን ተከትሎ የሄደው ሰው ምን ተጫምቶ፣ ምን ደርቦ፣ ስንቁን በምን ይዞ ነበር የሄደው?

ከሁሉ የበለጠ መንገደኛ ማን ነበር ብትሉኝ የቆሎ ተማሪ ነው እላለሁ። ቅኔ ፍለጋ ከቤጌምድር ተነሥቶ ጎጃም፣ ዲማና ዋሸራ ድረስ በእግሩ ይሄዳል። ንብረቱ በሙሉ ሰውነቱ ላይ ነው፤ ከበግ ቆዳ የተሰፋ ደበሎ፣ የለመነውን የሚይዝበት አኮፋዳ፣ የውኃ ቅል፣ ውሻ የሚከላከልበት ዱላ። ደበሎው ቀን ልብስ፣ ማታ ብርድ ልብስ ነው። የዛሬ ተራራ ወጪዎች «አንድ ዕቃ ሁለት ሥራ ካልሠራ አትሸከመው» ይላሉ። የቆሎ ተማሪ ይህን ማንም ሳይነግረው ኖሮበታል።

የደጋው እረኛ ደግሞ ገሳ ነበረው። ገሳ ከሣር የሚታታ የዝናብ ካባ ነው። ሣሩ ወደ ታች ተነባብሮ ስለሚንጠለጠል ዝናቡ እንደ ጎጆ ክዳን ላዩን እየተንሸራተተ ይወርዳል። አገልግልም እንዲሁ ከሣር ተሰፍቶ በቆዳ ይለበጣል፤ እንጀራው አይደርቅም፣ ወጡም አይፈስም። ስለ ስንቁማ ምን ይባላል! በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ የዘመተው ሕዝብ በአብዛኛው ስንቁን ከቤቱ ሰንቆ የወጣ ነው። በሶ በውኃ ተበጥብጦ ይጠጣል፤ እሳት አይፈልግም፣ ስለዚህ ጭሱም ለጠላት አያመለክትም። ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽና ቋንጣም ሳምንታት ቢቆዩ አይበላሹም።

በኋላ ብረትና ላስቲክ መጣ። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ መንገድና የጭነት መኪና በብዛት ገባ። መኪና ካለ ደግሞ ያረጀ ጎማ አይጠፋም። በረባሶ የምንለው ጫማ ሶሉ ከጎማው፣ ማሰሪያው ከውስጠኛው ከመነዳሪ የሚቆረጥ ነው። (እኔ በታክሲ ሥራዬ ስንት ጎማ እንደጣልሁ ሳስበው፣ መርካቶ ምናለሽ ተራ ቢሆን አንዱም መሬት ላይ አያድርም ነበር።) ቤተልሔም ጥላሁን እ.ኤ.አ. በ2004 አዲስ አበባ ያቋቋመችው ሶል ሬብልስ ይህንኑ የጎማ ሶል ለውጭ አገር ገበያ አቅርቦታል።

የቋንቋችን ነገር ደግሞ ይገርማል። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ዕርዳታ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ከሌሎች ጋር ያስፋፋው የኬሚካል ማዳበሪያ፣ ዱቄቱ እርሻ ላይ ተበትኖ ሲያልቅ ስሙን ለከረጢቱ አወረሰው። ዛሬ «በማዳበሪያ ጫነው» ስንል ስለ ከረጢቱ ነው የምንናገረው። ማዳበሪያ የእህል ጆንያ፣ የመንገደኛ ሻንጣ፣ ተሰንጥቆም የዝናብ ልብስ ሆኗል። ጀሪካንም ታሪክ አለው። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ለጦራቸው የሠሩት፣ 20 ሊትር የሚይዝ የብረት ነዳጅ መያዣ ነበር፤ «ጀሪ» እንግሊዞች ለጀርመኖች ያወጡት ቅጽል ነው። እኛ አገር በፕላስቲክ ሆኖ ሲመጣ ከእናቶቻችን ጀርባ እንስራን አወረደ። ለዚህ አንድ ውለታ ብቻ እንኳ ሐውልት ይገባው ነበር።

ከመካከላችን በ1970ዎቹ ዓ.ም. በመተማና በሁመራ በኩል ሱዳን፣ ገዳሪፍ ድረስ በእግራቸው የወጡ አሉ። ሌሊት እየተጓዙ፣ ቀን ቁጥቋጦ ሥር ተኝተው ነው የተሻገሩት። በረባሶው፣ ጀሪካኑ፣ በጨርቅ የተቋጠረው በሶ፣ ይህ ሁሉ የሞትና የሕይወት ጉዳይ የሆነው ያኔ ነው። እነዚያ ሰዎች ዛሬ አርጅተዋል፤ በእነዚህ አሥር ዓመታት የቀበርናቸውም አሉ። ምን ይዘው እንደወጡ የጻፈ የለም።

እዚህ ግን ይጻፋል። በየዓመቱ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ከአውሮፕላን ማረፊያችን ትልልቅ ሻንጣ ያዘሉ ወጣቶች እንጭናለን። ከዚሁ ከጆርጂያ ስፕሪንገር ተራራ ተነሥተው በአፓላቺያን መንገድ እስከ ሜይን ክፍለ ሀገር በእግር የሚሄዱ ናቸው። ኤማ ጌትዉድ የተባሉ የ67 ዓመት አያት እ.ኤ.አ. በ1955 ከኦግልቶርፕ ተራራ፣ እሱም እዚሁ ጆርጂያ ነው፣ ተነሥተው ከ2,000 ማይል በላይ ብቻቸውን ሲሄዱ፣ የያዙት በእጃቸው የሰፉትን የጂንስ ከረጢት ነበር። ጫማቸው ተራ ሸራ ጫማ፣ ለዝናብ ደግሞ የሻወር መጋረጃ። እ.ኤ.አ. በ2014 ሙሉ መጽሐፍ ወጣላቸው። ይገባቸዋልም! አንዳንድ ተጓዦች ከለስላሳ ጣሳ ትንሽ የአልኮል ምድጃ ይሠራሉ፤ ሳየው ከጣሳ የተሠራው የሰፈራችን ኩራዝ ትዝ ይለኛል። የእኛ ልጆች ግን ስቶን ማውንቴን ለመውጣት መቶ ሰማንያ ዶላር ጫማ ያስገዙናል።

ስለዚህ በበዓሉ ቀን አዳራሹ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ እንዲዘጋጅ ጠይቄ ተፈቅዶልኛል። አገልግልም፣ ቅልም፣ አሮጌ በረባሶም ቤቱ ያለ ያምጣ። ዕቃው የሌለው አሠራሩን ይንገረን፤ መቅጃ ይዤ እቀመጣለሁ። በተለይ ገሳ መታታት የሚችል አባል ካለ ሣሩን እኔ እፈልጋለሁ። በሱዳን በኩል የመጣችሁ ታላላቆቻችን ደግሞ አንድ ነገር ትነግሩኛላችሁ፤ ሌሊት ስትጓዙ የጀሪካኑ ውኃ እንዳይንቦጫረቅና ድምፅ እንዳያሰማ ምን ታደርጉ ነበር?