የመድኃኒት ቁጥጥር ባለሙያን በሥራው የሚያቆየውና ከሥራው የሚያርቀው

የቁጥጥር (ሬጉላቶሪ) ባለሙያ የመድኃኒትን ደኅንነት፣ ጥራትና ፈዋሽነት ከሕግ አንጻር የሚመዝን ነው። ሙያው በመንግሥት በኩል በተቆጣጣሪነት፣ በአምራቾችና በአስመጪዎች ዘንድ ደግሞ በምዝገባ ሰነድ አዘጋጅነት ይሠራበታል። የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት በ1991 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 176 ተቋቋመ፤ በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 661 ሥልጣኑ ወደ ምግብና ጤና ክብካቤ ሰፋ፤ የ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1112 ደግሞ በምግብና መድኃኒት ላይ አተኮረ።

አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ፍሬድሪክ ኸርዝበርግ እ.ኤ.አ. በ1959 እንዳስረዱት፣ ዝቅተኛ ደመወዝና ደካማ አስተዳደር ሠራተኛን ያስከፋሉ፤ የሚያተጉት ግን የሥራው ፍሬ፣ ዕውቅናና ኃላፊነት ናቸው። የግል ድርጅት የተሻለ ክፍያ ሲያቀርብ ተቆጣጣሪው ወደ ሰነድ አዘጋጅነት ቢሻገር አያስደንቅም፤ አስመጪዎቹም በብዛት ያሉት አዲስ አበባ ነው።

በጭሮ (አሰበ ተፈሪ)፣ በሂርና፣ በበዴሳና በገለምሶ ግን ደመወዝ ብቻውን ነገሩን አይፈታውም። የችርቻሮ መድኃኒት ቤቶች ፍተሻ የክልሉ ድርሻ ነው፤ ተቆጣጣሪውም ዛሬ ያሸገውን ሱቅ ባለቤት ነገ በለቅሶ ቤት ያገኘዋል። ውሳኔው ከበላይ ካልተደገፈለት ዝውውር መጠየቁ አይቀርም። ቤተሰብና ርስት ያለው፣ የአካባቢውን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ሊጸና ይችላል።

ልምድ ያለው ሲለቅ ተተኪው የትኛው መደብር ምን ጉድለት እንደነበረበት የሚረዳው ከመዝገብ ነው፤ መዝገቡ ተሟልቶ ከተገኘ።