ሳይቀዳ የተቀመጠ ዲስክ

ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ማታ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አንድ የጊትላብ ኩባንያ ባለሙያ ተጠባባቂው ሰርቨር ላይ ያለ መስሎት የዋናውን ዳታቤዝ ፋይሎች መሰረዝ ጀመረ። ነቅቶ ትእዛዙን ሲያቋርጠው ከ300 ጊጋባይት ገደማ የተረፈው 4.5 ብቻ ነበር። ባክአፕ ተፈለገ፤ የሚቀመጥበት ቦታ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ባክአፑን የሚያወጣው ፕሮግራም ከዳታቤዙ ጋር የማይገጥም አሮጌ ቨርዥን ስለነበር ሥራው ሳይታወቅ ሲከሽፍ ቆይቷል። መክሸፉን የሚናገረው ኢሜይልም ከባለሙያዎቹ ዘንድ አይደርስም ነበር። ኩባንያውን ያተረፈው ያው ባለሙያ ከስድስት ሰዓት ገደማ በፊት ለሌላ ጉዳይ በእጁ ያነሳው ስናፕሾት ነው።

ስናፕሾት የተባለው ይህ መሣሪያ ከየት መጣ ለሚል፣ መነሻው የቴፕ ዘመን ነው። አይቢኤም በ1972 ቪኤም/370 የተባለውን የቨርቹዋል ማሽን ሥርዓት ይፋ ሲያደርግ ባክአፕ ማለት ዲስክን ወደ ቴፕ መገልበጥ ነበር፤ ተጠቃሚው ወጥቶ ሲያበቃ፣ ሌሊት። ዲስኩ በየዓመቱ ያድጋል፣ ሌሊቱ ግን ያው ነው። በዚያ ላይ ግልበጣው ሳያልቅ ሰው ከጻፈ፣ የቅጂው መጀመሪያ የምሽቱን፣ መጨረሻው የንጋቱን ይዞ ይወጣል። የባንክ ሒሳብ ቢሆን ከአንዱ ደብተር ወጪ ተደርጎ በሌላው ገቢ ያልሆነ ገንዘብ ማለት ነው።

መልሱ የመጣው ግልበጣውን በማፍጠን አልነበረም። በ1992 የተቋቋመው፣ ዛሬ ኔትአፕ የምንለው ኩባንያ መሥራቾች ዴቭ ሂትዝ፣ ጄምስ ላው እና ማይክል ማልኮም በ1994 ባቀረቡት ጽሑፍ ዋፍል የተባለ የፋይል አያያዝ አስተዋወቁ። አንድ ትልቅ መዝገብ አስቡ። ጸሐፊው የተጻፈውን አይፍቅም፤ ለውጥ ሲመጣ አዲስ ገጽ ላይ ጽፎ ማውጫውን ብቻ ያስተካክላል። እንዲህ ባለ መዝገብ የዛሬን መልክ ለማቆየት ገጾቹን መቅዳት አያስፈልግም፤ የዛሬዋን ማውጫ አስቀምጦ እሷ የምትጠቁማቸው ገጾች እንዳይነኩ መከልከል ይበቃል። ስናፕሾት ይኸው ነው። ዲስኩ ምንም ያህል ቢሰፋ በሰከንዶች ውስጥ ይነሳል፣ ሲነሳም ቦታ አይፈጅም ማለት ይቻላል። በዚህ ሙያ ውስጥ ከዚህ የሚያምር ሐሳብ ጥቂት ነው ብዬ አምናለሁ። ሌላው መንገድ፣ ለምሳሌ በሊኑክስ ኤልቪኤም የተለመደው፣ አሮጌውን ገጽ (ብሎክ) መጀመሪያ ወደ ጎን ቀድቶ ከዚያ በላዩ መጻፍ ነው፤ ይሠራል፣ ግን የእያንዳንዱን ብሎክ የመጀመሪያ ለውጥ ያዘገያል።

በ1998 ቪኤምዌር ተመሠረተ። ከመሥራቾቹ አንዱ ሜንደል ሮዘንብለም ቀደም ብሎ ከጆን ኡስተርሃውት ጋር፣ በአሮጌው ላይ ሳይጽፉ ሁልጊዜ ወደፊት ስለሚጽፍ የፋይል ሥርዓት ያጠና ሰው ነው። ቨርቹዋል ማሽን ከነስርዓተ ክወናው በፋይሎች ውስጥ የሚቀመጥ ኮምፒውተር ስለሆነ ስናፕሾት ለማንሳት የተመቸ ነው። የቪኤምዌር ስናፕሾት የማሽኑን ዲስክ ይቆልፍና አዲሱን ጽሑፍ ሁሉ ወደ ሌላ ፋይል ያዞራል። ባክአፑ ሰዓታት ሲፈጅ ያ ፋይል ያብጣል። ስናፕሾቱ ሲሰረዝ ደግሞ የተጠራቀመው ሁሉ ወደ ዋናው ዲስክ መመለስ አለበት፤ በዚህ ጊዜ ሥራ የሚበዛበት ማሽን ለጥቂት ሰከንዶች ደንዝዞ ይቆማል። ኩባንያው ራሱ አንድን ስናፕሾት ከ72 ሰዓት በላይ አታቆዩ ብሎ ይመክራል።

ዲስኮቹን የሚይዘው ስቶሬጅ ራሱ የሚያነሳው፣ እንደ ዋፍል ያለው ስናፕሾት እዚህ ላይ ይገባል። የማሽኑ ስናፕሾት ይነሳል፤ ወዲያው ስቶሬጁ የራሱን ያነሳል፤ የማሽኑ ገና ሳያብጥ ይሰረዛል። የባክአፕ ሶፍትዌሩ ከስቶሬጁ ስናፕሾት ላይ ቀስ ብሎ ይገለብጣል፣ ማሽኑም ምንም ሳይሰማው ሥራውን ይቀጥላል። በ2009 ከቪኤምዌሩ ቪስፌር 4 ጋር የመጣው የተቀየሩ ብሎኮች መከታተያ ሲጨመርበት፣ የሚገለበጠው ካለፈው ወዲህ የተለወጠው ብቻ ሆነ።

አንድ ነገር ግን መታለፍ የለበትም። ለማሽኑ ሳይነገር የተነሳ ስናፕሾት መብራት ድንገት የጠፋበት ኮምፒውተር ዲስክ ነው፤ ዳታቤዙ በሜሞሪ ይዞት የነበረው አይገኝበትም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ ያወጣው ቪኤስኤስ የተሠራው ለዚህ ነው፦ ፕሮግራሞቹ የያዙትን ወደ ዲስክ አውርደው ለአፍታ ጽሕፈት እንዲያቆሙ ይነግራቸዋል።

ችግሩ የስናፕሾት ፍጥነት ሰውን ማሳመኑ ነው። በየሰዓቱ የሚነሳ ስናፕሾት ያለው አስተዳዳሪ ባክአፕ አለኝ ይላል፤ ገጾቹ ግን የሚገኙት እዚያው መዝገብ ውስጥ ነው። በጁን 2014 ኮድ ስፔስስ የተባለ ኩባንያ የአማዞን ክላውድ መቆጣጠሪያው በአጥቂ እጅ ገባ፤ ስናፕሾቶቹና አብዛኛው ባክአፑ በአንድ መግቢያ ስለሚታዘዙ አብረው ተሰረዙ፣ ኩባንያውም ተዘጋ። በሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው አጥፊ ፕሮግራም ፋይል ሲቆልፍ የዊንዶውስን የጥላ ቅጂዎችም (ስናፕሾቶቹን) እንዲጠፉ ያዝ ነበር። ማርች 10 ቀን 2021 ስትራስቡርግ በሚገኘው የኦቪኤች የዳታ ማእከል እሳት ተነስቶ አንድ ሕንፃ ሙሉ በሙሉ ሲወድም፣ ባክአፓቸው እዚያው የነበረ ደንበኞች ሁለቱንም አጡ።

የጊትላቡ ስናፕሾት የተረፈው ባለሙያው ለሙከራ ብሎ ወደ ሌላ ሰርቨር ገልብጦት ስለነበር ነው። በዚያ ሰርቨር ዲስክ ዝግታ ምክንያት መመለሱ 18 ሰዓት ገደማ ፈጀ፣ የስድስት ሰዓት ዳታም ቀረ። ቨርቹዋል ማሽን በኃላፊነት የምትይዙ ሁሉ በዚህ ሳምንት አንዱን ምረጡና ዋናው ስቶሬጅ የለም ብላችሁ፣ ሌላ ቦታ ካለው ቅጂ አስነሱት፤ ስንት ሰዓት እንደፈጀም ጻፉት።